«ስማችን በድሃ መዝገብ አይጻፍም» አለኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከድሮ ጀምሮ እከታተላለሁ። ለሌላው ሲመክሩ እያነበብኩ «የኔንስ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን?» እል ነበር። ዛሬ ደፍሬ ጻፍኩ።

36 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀበሌ ቤት እንኖራለን። ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሁለት ልጆቼና እኔ ነን። ልጆቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። የዛሬ ስምንት ወር ሥራ ላይ እያለ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። አሠሪው ሆስፒታል አድርሶት፣ ትንሽ ብር ሰጥቶን ከዚያ ጠፋ። አሁን ይራመዳል። ከባድ ነገር ግን ማንሳት አይችልም።

ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለአንድ ሱቅ አስረክባለሁ። በቀን እስከ 80 እንጀራ ይወጣል። ጤፍ የምገዛው በኪሎ ነው፤ ኩንታል የሚገዛ ብር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ግማሹን እንጀራ የሚወስደው ምግብ ቤት የሚከፍለኝ በሳምንት ነው። እሱም ሲመቸው።

ሰሞኑን የሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብ የሚያደርገው ድጋፍ፣ ምዝገባ ሊጀመር ነው ሲባል ሰማሁና ለባለቤቴ ነገርኩት። ተቆጣ። «ስማችን በድሃ መዝገብ አይጻፍም፤ ገና አልሞትኩም» አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጨዋታ የለም።

በዚህ መሃል የባለቤቴ እህት መጣች። ከሦስት ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነው በቡድን ብድር ሊወስዱ ነው። አምስተኛ እንድሆንላቸው ጠየቁኝ። ለእያንዳንዳችን 60 ሺህ ብር ነው። እሷ ባለቤቴ ሆስፒታል ሲተኛ ሌት ተቀን አብራን ያደረች ሴት ናት። ውለታዋን አልረሳም። ግን አምና ዕቁብ ቀድማ ወስዳ መጣሉን አቆመች። ዳኛው ቤቷ ድረስ ይመላለስ ነበር። እምቢ ብላት ቤተሰብ ሊቀያየም ነው። እሺ ብላት እንቅልፍ አይወስደኝም። እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ።

ደግሞ አንድ የሰፈራችን ሰው «3 ሺህ ብር አምጪና ስምሽን ሴፍቲኔት ውስጥ አስገባልሻለሁ» ብሎኛል። ለባለቤቴ ሳልነግረው ልስጠው ወይ እያልኩ ነው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

እንኳን ጻፍሽልኝ። ባል ታሞብሽ፣ አማት ይዘሽ፣ ልጆች እያስተማርሽ ሌሊት ተነስተሽ ምጣድ ፊት የምትቆሚ ሴት ነሽ። በዚህ ላይ ማንንም ላለማስቀየም የሁሉንም ፊት ታያለሽ። ድካምሽ ከደብዳቤሽ ይሰማል። ሁሉንም ነገር እስከ ቅዳሜ መፍታት አለብኝ ብለሽ ግን አትጨነቂ። የሚያስቸኩለው ሌላ ነው።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። ባለቤትሽ የወደቀው ሥራ ላይ ነው። አሠሪው ትንሽ ብር ሰጥቶ ጠፋ ብለሻል። ከዚያ በኋላ ጠይቃችሁታል? ወይስ «ከእሱ ጋር ማን ይከራከራል» ብላችሁ ተዋችሁት? ይህን የምጠይቅሽ ድጋፍም ሆነ ብድር ከመፈለጋችሁ በፊት በሕግ የሚገባችሁ ነገር ሊኖር ስለሚችል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ መሸፈን አለበት። ሠራተኛው ከሥራ ለቀረበት ጊዜ የሚከፈል ክፍያ አለ። ጉዳቱ ዘላቂ ሆኖ ከተገኘም ካሣ አለ። የተፈረመ ውል የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። አብረውት ብሎኬት ሲደረድሩ የነበሩ ሰዎች ሊመሰክሩለት ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብለሽ ጠይቂው። የሚከፈለው በቀን ወይም በወር ሒሳብ ነበር? ወይስ «ይሄን ግድግዳ በዚህ ዋጋ» ብሎ ራሱ በኮንትራት ይዞት ነበር? በቀን ሒሳብ ከነበረ ሠራተኛ ነውና መንገዱ ቀለል ይላል። በኮንትራት ከነበረ ክርክሩ ይከብዳል። ያኔም ቢሆን ሕግ አዋቂ ሳያየው አትተዉት።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ከሥራ ውል ጋር የተያያዘ ጥያቄ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አይታይም። ለእናንተ ስምንቱ ወር አልፏል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሆስፒታሉን ካርድ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የራጅ ውጤት፣ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ አድርጉ። የወደቀበትን ቀንና ቦታ፣ የነበሩትን ሰዎች ስምና ስልክ ጻፉ። ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በዚያ ካልተቋጨ ፍርድ ቤት አለ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። ጠበቃ የምታቆሙበት ከሌላችሁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያካሂዱት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ። ፍርድ ቤት ግቢ ስትደርሱ ጠይቁ፣ ይጠቁሟችኋል።

ይህንን ጉዳይ ባለቤትሽ ራሱ ይያዘው። አንቺ አብረሽው ሂጂ እንጂ ፋይሉ በእሱ እጅ ይሁን። ወገቡ ቢታመምም ሄዶ መናገር፣ ወረቀት መከታተል፣ ምስክር መፈለግ ይችላል። የሚጠይቀው ደግሞ የላቡን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የአንቺን ልፋት ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቁጣው እንምጣ። «ገና አልሞትኩም» ሲልሽ ምን ማለቱ ይመስልሻል? እኔ ሳነበው የተናደደው በአንቺ አልመሰለኝም። ትናንት ፎቅ ላይ ቆሞ ግድግዳ ያቆም የነበረ ሰው ዛሬ ጀሪካን ማንሳት አቅቶታል። እስካሁን ይህን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሴፍቲኔት ተመራጮች ስም ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥበት በግልጽ ይለጠፋል። ጎረቤት ያነበዋል። እድር ላይ ይወራል። ስለዚህ «ምን ያሳፍራል!» ብለሽ አትለፊው። ያሳፍረዋል። ከዚህ ተነስተሽ ነው ማውራት ያለብሽ።

ቢሆንም የተቆጣበትን ነገር በደንብ ያወቀው አልመሰለኝም። ሴፍቲኔት በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ወደ ከተማ የመጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነበር። በኋላ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ከ80 የሚበልጡ ከተሞች ገቡበት። የመጀመሪያው ምዕራፍ በጀት 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ነው። የመንግሥት ሲባል ደግሞ ከሕዝቡ ማለት ነው። ባለቤትሽ ሲሠራ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ሲገዛና ሲሸጥ ከከፈለው ግብር የራሱ ድርሻ አለበት።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚታደል ብር አይደለም። ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው፣ ማለትም ሳይሠሩ የሚያገኙት፣ በዕድሜ ለገፉ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና ሠርቶ የሚያበላ ሰው ለሌላቸው ቤቶች ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ ከተጠቃሚው 16 በመቶው ብቻ ነበር በዚህ የተያዘው። የቀረው 84 በመቶ ሠርቶ የሚከፈለው ነው። መንገድ ዳር ያጸዳል፣ ቦይ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የከተማ ግብርና ላይ ይሠራል። ክፍያው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳቡ ይገባለታል። ማለዳ አካፋና መጥረጊያ ይዘው የምታያቸው እናቶች ደመወዛቸውን ነው የሚወስዱት።

ለአንቺ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከክፍያው 20 በመቶው በስምሽ ይቆጠባል። እስክትመረቂ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ጨርሰሽ እስክትወጪ፣ አይወጣም። የሥራው ቀን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የታሰበው ሰው በራሱ እንዲቆም ነውና። መጨረሻ ላይ ሥልጠና ተሰጥቶሽ፣ ምን እንደምትሠሪ ዕቅድ አቅርበሽ፣ ያጠራቀምሽው ላይ የማይመለስ የመቋቋሚያ ገንዘብ ይጨመርልሻል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ 500 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነበር። የማይመለስ ነው አልኩሽ። ዋስ የለው፣ ወለድ የለው። አንቺ ቀድሞውንም ሥራ አለሽ፣ ደንበኛ አለሽ። እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንቺ እጅ ቢገባ ወዴት እንደሚሄድ አሁኑኑ ታውቂዋለሽ።

ታዲያ ለባለቤትሽ እንዴት ይነገረው? «አንተስ የቀበሌ ቤት ውስጥ በመንግሥት ኪራይ ትኖር የለ?» ብለሽ ከጀመርሽው አለቀ። እውነት ቢሆንም ይጎዳዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይበሉ የለ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ከተማው ይሰጣቸው የለ? እሱም ቢሆን ይህን ሲቀበል አላፈረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚቀበል። ይህን እንደ ክስ አታቅርቢው። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ጭንቀት የሌለበት ቀን መርጠሽ፣ መጀመሪያ ስለ ክሱ አውሪው። የእሱ መብት ይቅደም። ከዚያ «ወገብህ እስኪድንልህ፣ እኔም ሥራዬን እስካሰፋ ድረስ የሚሆን መንገድ አለ፤ ሠርቼ ነው የማገኘው፣ ግን አንተን ሳልይዝ አልሄድም» በይው። አንቺ ዝም ስትይ እሱ የሚሰማው «ንቃኛለች» ነው። ዝምታሽ ለእሱ መልስ ሆኖበታል።

አማትሽስ ምን ይላሉ? ስለ እሳቸው አንዲት ቃል አልጻፍሽም። እናት ልጇን «ተው እንጂ» ብትለው ሚስት ካለችው በላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ። እሳቸው ብዙ ክፉ ቀን አይተው ያለፉ ሰው ናቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ብታማክሪያቸው ደስ ይለኛል። ባለቤትሽን ለማስገደድ ሳይሆን፣ እሳቸው ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ።

እሺ ካለ በኋላም ነገሩ ወዲያው አይሆንም። ምዝገባ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። መጀመሪያ ወረዳ ሄደሽ በእናንተ ቀጠና መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ከሠራተኛው አፍ ስሚ። የነዋሪነት መታወቂያችሁ የታደሰ ይሁን። የባንክ ሒሳብ ከሌለሽ አዲስ ለመክፈት ፋይዳ ስለሚጠየቅ እሱንም ቀድመሽ አውጪ። የባለቤትሽን የሐኪም ማስረጃ ኮፒ ያዢ። የሚመርጠው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። በኋላም ቤት ድረስ መጥተው ስንት ሰው እንዳለ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ምን ዕቃ እንዳለ ይጠይቃሉ። ሰዎች በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥን ጎረቤት ሲደብቁ እሰማለሁ። አንቺ ምጣድሽን እንዳትደብቂ። የምትሠሪበት ነው፣ እውነቱን ተናገሪ። በቀን ስንት እንደምትጋግሪ፣ ስንት አፍ እንደሚጠብቅሽ ንገሪያቸው። ገቢ አለሽ ተብለሽ ልትቀሪም ትችያለሽ። ያኔ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለና አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ። ኮፒውን ማኅተም አስመትተሽ ለራስሽ አስቀሪ።

ስለ 3 ሺህ ብሩ ሰውዬ ብዙ አልልም። አትስጪው። ለምዝገባ የሚከፈል ነገር የለም። ስሙ በአደባባይ የሚለጠፍ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሰው በስውር ሊያስገባሽ አይችልም። ቢችል እንኳ ከአንቺ የባሰችዋን እናት አስወጥቶ ነው። ደግሞ ከባልሽ ደብቀሽ የከፈልሽው ብር ነገ ይታወቃል። ድጋሚ ከጠየቀሽ ለቅሬታ ሰሚው ንገሪ።

አሁን ወደ ከበደው እንሂድ፤ ወደ ብድሩ።

የባለቤትሽ እህት ሆስፒታል አብራችሁ ያደረች ሰው ናት። ይህ ዕዳ አለብሽ፣ አውቃለሁ። ግን የፍቅር ዕዳ በፊርማ አይከፈልም። እሷ ስትታመም ታስታምሚያታለሽ፣ ሲጎድልባት ታካፍያታለሽ። የቡድን ብድር ግን ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ስትፈርሚ የምትፈርሚው በ60 ሺህ ብር ላይ አይደለም። በ300 ሺህ ላይ ነው። አምስታችሁም አንዳችሁ ለሌላው ዋስ ናችሁ። እሷ አንድም ሳትከፍል ብትቀር 60 ሺህዋ ለአራታችሁ ይካፈላል፤ ከራስሽ ላይ 15 ሺህ ይጨመርብሻል፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ሁለት ሰው ቢቀር ለሦስት 120 ሺህ ነው፤ ለአንቺ 40 ሺህ ይደርስሻል። በቀን 80 እንጀራ እየጋገርሽ ከየት ታመጪዋለሽ?

እንዳልበድላት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዕቁቡን ያቆመችው ለምንድን ነው? ልጅ ታሞባት ነው? ከሥራ ተባራ ነው? ከሆነስ ተበድራም ተለቅታም ከጊዜ በኋላ ከፈለች? ወይስ ዳኛውን እያየች በሌላ በር ትወጣ ነበር? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ችግር አግኝቷት ቆይታ የከፈለች ሰው ከሆነች ልብሽ ትንሽ ይረፍ። የሸሸች ከሆነች ግን ጎረቤትን ያላከበረች ባንክን ታከብራለች ብለሽ አትጠብቂ። አንቺ ሰፈሩን ታውቂዋለሽና መልሱ ያለው ከአንቺ ዘንድ ነው። እንቅልፍ አይወስደኝም ማለትሽን ግን ችላ አልለውም። የምታውቂው ነገር ስላለ ነው።

ሌላም አለ። አንቺ በእውነት 60 ሺህ ያስፈልግሻል? ይህን ያልኩት አትችዪም ለማለት አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁት ችግር ጤፍ በኪሎ መግዛትሽና ክፍያ መዘግየቱ ነው። እስቲ አስቢው። ግማሹን እንጀራ የሚወስደው ምግብ ቤት በቀን 40 ይወስዳል። በሳምንት 280 እንጀራ በዱቤ እሱ እጅ ነው ማለት ነው። ጤፉም፣ መብራቱም፣ ጉልበቱም ያንቺ ሆኖ ለእሱ ያለ ወለድ የምታበድሪው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ይህን ብር አስመልሺ። ሰውዬውን «ከሰኞ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ እንተሳሰብ፣ ጤፍ ጨምሮብኛል» በይው። እንጀራሽ ጥሩ ከሆነ እሱም ሌላ ጋጋሪ መፈለግ አይቀለውም። ጭራሽ እምቢ ካለ ከ40 ወደ 25 ቀንሺለትና ቀሪውን ጥሬ ብር ለሚሰጥ ሱቅ አስረክቢ።

የሁለት ሳምንት ሒሳብ በደብተር ያዢ። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ የመብራት ካርዱ፣ መጓጓዣው፣ የተቀደደውና የተመለሰው እንጀራ ሳይቀር ይጻፍ። ይህንን ባለቤትሽ ይጻፈው። ግንበኛ ሒሳብ ያውቃል። ስንት ብሎኬት ስንት ስሚንቶ እንደሚበላ በቃሉ ሲያሰላ የኖረ ሰው ከአንድ ኪሎ ጤፍ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ማስላት አያቅተውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ምን እንደሚተርፍሽ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ነው «ምን ያህል ብድር መመለስ እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው።

ብድር ባያስፈልግሽ ደግሞ ሥራሽን በሕግ ማስመዝገቡ ብቻውን ይጠቅምሻል። ወረዳችሁ ውስጥ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ኢንተርፕራይዝ የሚያደራጀው በቡድን ብቻ አይደለም፤ በግልሽም መመዝገብ ትችያለሽ። ንግድ ፈቃድና ቲን ስታወጪ የመሥሪያ ቦታና የገበያ ትስስር መጠየቅ የምትችዪበት በር ይከፈትልሻል። በተለይ የትምህርት ቤት ምገባን ጠይቂ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለምገባው ብዙ እናቶች ተደራጅተው ይሠራሉ፤ እንጀራ ደግሞ ሁልጊዜ ይፈለጋል። እርግጥ ፈቃድ ማውጣት ግብርም ያመጣል። ይህን ቀድመሽ ጠይቀሽ፣ ከደብተርሽ ጋር አስተያይተሽ ወስኚ። ካልተጣደፍሽ አትጎጂም።

በስልክ ወዲያው የሚገኝ ብድርም ሰዎች ይጠቁሙሽ ይሆናል። እንደ ቴሌብር «መላ» ያለው ቶሎ ተወስዶ ቶሎ የሚመለስ ነው። አንድ ቀን ጤፍ ጎድሎብሽ ነገ የሚገባ ብር ካለሽ ሊያወጣሽ ይችላል። ለቤት ወጪ ግን እንዳትነኪው። ለምግብ የተበደርሽው ብር ተመልሶ አይመጣም።

ልረሳው ነበር፤ ጤና መድን ገብታችኋል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ነው የተዘረጋው። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ወረዳ ስትሄጂ በዚያው ጠይቂ። የባለቤትሽ ወገብ ተከታታይ ሕክምና ይፈልጋል። የልጅ ጉንፋንና የአማትሽ መድኃኒት የእንጀራሽን ትርፍ እየበላው ከሆነ ይህ ካርድ ከማንኛውም ብድር ይበልጥሻል።

እንግዲህ ቅዳሜ ደርሷል። የእኔ ሐሳብ አሁን አትፈርሚ ነው። ሕጉ የሚሰጣችሁና ዋስ የማይጠይቀው ነገር ሁሉ ገና አልተነካም። ያ ሳይሞከር ዕዳ መቅደም የለበትም። ለባለቤትሽ እህት ስትነግሪ ዕቁቡን አታንሺ። ሰው በተሰበሰበበት አትንገሪያት። ቅዳሜን ሳትጠብቂ ቤቷ ሂጂ፣ ቡናም ይፈላ፣ እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ ወንድምሽ ሲታመም የሆንሽልንን አልረሳም። አሁን ግን ባለቤቴ ሥራ የለውም። የራሴን ዕዳ እንኳ ብከፍል ለሌላ ሰው መሸፈን አልችልም። ዋስ ሆኜ ባልከፍል እናንተን ነው የማሳፍረው። ስለዚህ በዚህ ዙር አልገባም። ሌላ አምስተኛ ሰው ፈልጉ፤ ጊዜ እንዲኖራችሁ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ።» ካኮረፈች ትኩረፍ። ከፈረምሽ በኋላ የሚመጣው ኩርፊያ ከዚህ ይከፋል። ባለቤትሽ ይህን ከአንቺ ይስማ እንጂ ከእህቱ እንዳይሰማ፤ ሐሙስ ማታ ንገሪው።

በባዶ እጅሽ ግን አትመለሺ። አራቱም ጤፍ የሚገዙ ከሆነ በየሳምንቱ ጥሬ ብር አዋጥታችሁ አንድ ኩንታል አብራችሁ ግዙ፤ በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት በሚዛን ተካፈሉት። ዱቤ የለበትም፣ ዋስ የለበትም፣ የከፈለ ይወስዳል። ይህን እሷ ብታስተባብረው ደግሞ ደስ ይላታል፤ ሰው ማሰባሰብ የምትችል ሴት መሆኗን ከደብዳቤሽ አይቻለሁ። ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ምን እንዳሏችሁ ጻፊልኝ። የባለቤትሽን የክፍያ ሁኔታም፣ በቀን ነበር ወይስ በኮንትራት የሚለውን፣ አብረሽ ንገሪኝ።